ፍሬኑ የማን ነው?

ልጁ ስልኩን ወደ አባቱ አስጠጋ። ስክሪኑ ላይ ያለው ከባድ መኪና እንደ ሙሽራ መኪና ያብረቀርቃል። ጋቢናው አሮጌ ሼቭሮሌ ነው፤ አፍንጫ የለውም፣ ጉንጩ የተነፋ ነው፣ መብራቶቹ እንደ ጉጉት ዓይን ክብ ናቸው። ከጋቢናው ኋላ ግን ስፖንዳ የለም። ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ረጅም አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ አንዲት የእሽቅድምድም መኪና በሰንሰለት ታስራ ተቀምጣለች።

«አባዬ፣ አሜሪካኖች ከወዳደቀ አሮጌ መኪና የሠሩት ነው። የእኛንም ኤንትሬ እንዲህ ብናደርጋትስ?»

አባትየው ከሠላሳ ዓመት በላይ መሪ የጨበጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ፎቶውን በሁለት ጣት እያሰፉ አዩት። ስለ ቀለሙ አልጠየቁም። ስለ ዋጋውም አልጠየቁም።

«ያምራል። ፍሬኑ የማን ነው?» አሉ።

ልጁ ሳቀ። አባትየው ግን አልሳቁም፤ የጠየቁት የምራቸውን ነው። እንዲህ ያለ ወግ ቃሊቲም ሆነ ሌላ ቦታ፣ አሮጌ ከባድ መኪና በሚፈታበትና በሚገጣጠምበት ጋራዥ ሁሉ ይሰማል። ጥያቄው ግን እምብዛም አይጠየቅም። መጠየቅ ያለበት ደግሞ ቦልት ከመፈታቱ በፊት ነው።

*

መጀመሪያ ፎቶው ላይ ላለችው መኪና መልስ እንስጥ።

ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካ ግዛቶች የከባድ መኪናን ጠቅላላ ርዝመት በሕግ ይገድቡ ነበር። ርዝመት ከተገደበ ደግሞ የሞተር አፍንጫ የሚይዘው እያንዳንዱ ክንድ ከጭነት የተቀነሰ ቦታ ነው። ስለዚህ አምራቾቹ ጋቢናውን አንስተው ሞተሩ ላይ አስቀመጡት። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1938 በዚህ መንገድ ሠራ፤ ሼቭሮሌም ከጦርነቱ በኋላ ዛሬ በፎቶ የሚታየውን ክብ ፊት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የፌዴራል ሕግ በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ላይ የጠቅላላ ርዝመት ገደቡን ሲያነሳ ባለ አፍንጫው መኪና መንገዱን መልሶ ወረሰ። አፍንጫ የለሹ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ፤ ቀደምቶቹም በየእርሻው ጥግ ሳር በቀለባቸው።

አሁን ሳር ውስጥ የሚፈልጓቸው ሰዎች ለዚያው ለድሮው ምክንያት ነው የሚፈልጓቸው። ጋቢናው አጭር ስለሆነ ከኋላው የሚቀረው አልጋ ረጅም ይሆናል፤ ረጅም አልጋ ደግሞ ሌላ መኪና ለመጫን ይመቻል። ነገር ግን የሚወስዱት ጋቢናውን ብቻ ነው። ከሥሩ የሚያስገቡት የቅርብ ዘመን መካከለኛ ከባድ መኪና ነው፤ ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ አክስሉ፣ መሪውና ፍሬኑ አንድ ላይ እንዳለ። ብዙዎች የሚመርጡት ሞተር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በዶጅ ፒክአፕ ላይ የተገጠመውን ባለ 5.9 ሊትር የከሚንስ ናፍጣ ነው። ከዚያ የጋቢናውን ወለል ይቆርጣሉ፣ ያነሳሉ፣ አንዳንዱም ከኋላ ቀጥሎ መኝታ ያወጣለታል። ከፊት ሲያዩት አያት ነው፤ ጎንበስ ብለው ከሥር ሲያዩት የልጅ ልጅ ነው።

ስለዚህ የአባትየው ጥያቄ መልስ አለው። የፎቶዋ መኪና ፍሬን የአዲሱ መኪና ነው። ሠሪዎቹ ለአሮጌው ጋቢና ያላቸው ፍቅር ብርቱ ቢሆንም አሮጌውን ፍሬን ግን አላመኑም።

*

እዚህ አገርስ?

ኤንትሬ የሚባለው መኪና ሙሉ ስሙ ፊያት 682 ኤን 3 ነው። የ682 ቤተሰብ ጣሊያን ውስጥ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ሦስተኛው ትውልድ በ1960ዎቹ ተከተለ። ከአሥር ሊትር በላይ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አለው፤ ቱርቦ የለውም። ጣሊያኖች ራሳቸው «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሉታል። ከእሱ በፊት በወረራው ዘመን የገባው ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ በሹፌሩ አፍ ቀርቷል።

ከመኪናው ጋር ቋንቋውም ገብቷል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ጎሚስታ፣ ቶርኖ፤ የጋራዡ መዝገበ ቃላት ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። መንገዱም እንዲሁ። የጣርማበር ዋሻም ሆነ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ የተቆፈሩት በጣሊያን ጊዜ ነው። የዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪና መሪው በቀኝ የሆነውም ለተራራ መንገድ ነው፤ ሹፌሩ በገደሉ በኩል ተቀምጦ ጎማው ከጠርዙ ምን ያህል እንደራቀ እንዲያይ ነው። ገደሉን ለማየት የተሠራ መኪና ገደል ወዳለበት አገር መጣ ማለት ነው።

ይህ መኪና እዚህ አገር ሲታደስ የሚሆነው ግን የአሜሪካው ግልባጭ ነው። እዚያ ፊቱ ይቀራል፣ አጥንቱ ይቀየራል። እዚህ አጥንቱ ይቀራል፣ ልቡ ይቀየራል። ሻንሲው ይጸዳል፣ የተሰነጠቀው ይበየዳል፣ በወፍራም ላሜራ ይደገፋል፣ አንዳንዴም ይረዝማል። ከተገለበጠ አዲስ መኪና የወጣ ባለ ቱርቦ ሞተር ይገባበታል። አፍንጫው ይቀባል፣ መብራቱ ይቀየራል፣ አልጋው ቦቲ ይሆናል ወይም ስፖንዳው ከፍ ይላል። አክስሉና ፍሬኑ ግን የነበረው ነው።

ይህን የሚሠሩትን ሰዎች ማንኳሰስ ቀላል ነው፤ ስህተትም ነው። ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ዞሮ፣ ለዚህ ያልተሠራውን ዕቃ ለዚህ እንዲሆን አድርጎ የሚያገጣጥም መካኒክ ዲግሪ ላይኖረው ይችላል፤ የሚሠራው ሥራ ግን የምሕንድስና ሥራ ነው። የአንዱን አገር ሞተር ከሌላው አገር ካምቢዮ ጋር የሚያገናኝ ቁራጭ በቶርኖ አስቀርጾ፣ መሐሉን በፀጉር ስንጥቅ ልክ አስተካክሎ መግጠም በወሬ የሚሆን አይደለም። ከተሳሳተ ፍሪሲዮኑ በሳምንት ይበላል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አይሳሳቱም፤ ከተሳሳቱም ደንበኛው ተመልሶ ይመጣባቸዋል።

ታዲያ ለምን አጥንቱን ይተዉታል? ስለማያውቁ አይደለም። ወረቀቱ አጥንቱ ላይ ስለታተመ ነው።

የአንድ መኪና ማንነት በሊብሬው ላይ የሚታወቀው በሻንሲ ቁጥሩ ነው። ሞተር ቢቀየር በቁጥር ለውጥ ይመዘገባል፤ መኪናው ያው መኪና ሆኖ ይቀጥላል። ሻንሲው ከተቀየረ ግን መኪናው ራሱ ሌላ ሆነ ማለት ነው፤ ባለቤቱ እጅ ላይ የሚቀረው ብረት እንጂ ታርጋ አይደለም። ታርጋ ደግሞ እንጀራ ነው። በዚህ ላይ አዲስ ከባድ መኪና ለመግዛት የውጭ ምንዛሪም፣ የባንክ ብድርም፣ መያዣም ይጠይቃል። አሮጌ ከውጭ እንዳያስገባ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በያገለገለ ተሽከርካሪ ላይ የጣለው ታክስ ከባድ ነው። አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው የሚቀረው መንገድ ያለችውን ማሳደግ ነው። ያለችውን ሲያሳድግ ደግሞ ወረቀቱ የሚፈቅድለትን ይቀይራል፤ ሞተሩን።

*

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው።

ሃያ ቶን የሚመዝን የተጫነ መኪና አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሦስት በርሜል የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዚያ ኃይል የተወሰነውን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ታምቡሩ ይውጠዋል። ሌላ መሄጃ የለውም።

ሞተር ቁልቁለት ላይ መኪናን የሚይዘው ናፍጣ ሳይቃጠልበት አየር እየሳበና እየጨመቀ ሲዞር ነው። ይህ የመያዝ አቅም በዋናነት የሚወሰነው በሲሊንደሮቹ ስፋትና በሚዞርበት ፍጥነት ነው። ቱርቦ እዚህ ላይ አይረዳም፤ ቱርቦ የሚረዳው እግር ነዳጅ ላይ ሲሆን ነው። እንግዲህ ከአሥር ሊትር በላይ የሆነው የኤንትሬ ሞተር ወጥቶ ስድስት ወይም ሰባት ሊትር የሆነ ባለ ቱርቦ ሲገባ ምን ይሆናል? ዳገቱን ከበፊቱ በበለጠ ብርታት ይወጣዋል። ቁልቁለቱን ግን በበፊቱ ልክ አይዘውም፤ የራሱ የሞተር ፍሬን አብሮ ካልተገጠመለት በስተቀር። ወደ ላይ የተጨመረው ወደ ታች ተቀነሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም የተደበቀው በጥሩ ምክር ውስጥ ነው። የቀድሞ ሹፌሮች ለረዳቶቻቸው የሚያስተምሩት ሕግ አለ፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ለድሮው ሞተር ይህ ትክክለኛ ሕግ ነበር። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ መኪና በሁለተኛ ማርሽ ቢወርድ ይያዛል። ባለ ቱርቦው ግን ያንኑ ዳገት በአራተኛ ያለ ጭንቀት ይወጣዋል። ሹፌሩ የተማረውን ሕግ አክብሮ በአራተኛ ከወረደ ሕይወቱን የሚጠብቀው የፍሬን ሸራ ብቻ ነው። የአሜሪካ የከባድ መኪና ሹፌሮች መማሪያ ይህንኑ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ የድሮው ሕግ ለአዲስ ሞተር አይሠራም፣ ከወጣህበት ዝቅ ባለ ማርሽ ውረድ ይላል። እዚህ አገር ግን መኪናው አሮጌም አዲስም ነው። ሹፌሩ የትኛውን ሕግ ይከተል?

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። መኪና ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨምር ፍጥነቱ ያደገው በግማሽ ነው። ፍሬኑ መዋጥ ያለበት ኃይል ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። ያ ፍሬን የተሠራው ለመጀመሪያው ፍጥነት ነው።

አደጋ ሲደርስ ዜናው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፍሬን በጥሶ»። ቃሉ ራሱ ያታልላል። ፍሬን እንደ ገመድ ድንገት ይበጠሳል ያስመስላል፤ እንደ መብረቅ፣ እንደ ዕጣ ፈንታ። የታምቡር ፍሬን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ቀስ ብሎ ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ከሸራው ይሸሻል። ሸራውም ሲቃጠል የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ሹፌሩ ደጋግሞ ሲረግጥ በጋኑ ያለው ንፋስ ይቀንሳል። ሽታው ቀድሞ ይመጣል፣ ከዚያ ጭሱ፣ ከዚያ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ደቂቃዎች ይወስዳል። ውሳኔው ደግሞ ከዚያ ወራት በፊት ጋራዥ ውስጥ፣ ሞተሩ በክሬን ሲወርድና ስለ አክስሉ ማንም ሳያነሳ ሲቀር ተወስኗል። «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰው የለም። ነገሩ ውስጥ ግን ሰው አለ።

*

በዚህ ስህተት የተፈተነው የመጀመሪያው ሰው የቃሊቲ መካኒክ አይደለም። በፎቶዋ መኪና ሥር ያለው ሞተር ስሙን የወሰደው ክሌሲ ከሚንስ ከሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ይህ ሰው የናፍጣ ሞተር ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ለማሳየት በከባድ መኪና ከአሜሪካ ዳር እስከ ዳር ተጓዘ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን በሚባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳው፤ ከታች ደግሞ የባቡር ሐዲድ መንገዱን ያቋርጣል፣ ባቡርም እያለፈ ነበር። ለጥቂት ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው ቁም ነገሩ። ሞተሩን የበለጠ ብርቱ አድርጎ በዚያ ብቻ አልተወውም። ሞተር ወደ ላይ የሚገፋውን ያህል ወደ ታች እንዲይዝ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ከአእምሮው አልወጣም። መልሱን ያገኘው ካረጀ በኋላ ነው፤ ሲሊንደሩ የጨመቀውን አየር በጭስ ማውጫ ቫልቭ በኩል እንዲለቅ አድርጎ ሞተሩን ወደ ፍሬን የሚቀይር መሣሪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1961 ጄከብስ የተባለው ድርጅት አምርቶ ገበያ ላይ አዋለው። ዛሬ በዓለም ከባድ መኪኖች ላይ የሚሰማው የሞተር ፍሬን ጉርምርምታ ከዚያች ቁልቁለት የመጣ ነው። ሞተር ሠሪው ራሱ ሠላሳ ዓመት የፈጀበትን ትምህርት አንድ መካኒክ በአንድ ሳምንት ሥራ ሊዘለው አይገባም።

*

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ቀላል ሐሳብ ይሰማል።

አንደኛው «እነዚህ መኪኖች ይወገዱ» ይላል። ሐሳቡ ከቢሮ መስኮት ሲታይ ንጹሕ ነው። ሲወገድ ግን ማን ይተካዋል? ባለ አንድ መኪናው ሰው መኪናውን ቢነጠቅ በምትኩ የሚያገኘው አዲስ መኪና አይደለም፤ የቀን ሥራ ነው። የገጠሩ ነጋዴም የአዲሱን መኪና የኪራይ ዋጋ አይችልም። ደግሞም አሮጌ መሆን በራሱ ጥፋት አይደለም። ዝግ ባለ ፍጥነት፣ በልኩ ተጭኖ፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ ያልተነካካ ኤንትሬ ለራሱ ፍሬን የሚመጥን መኪና ነው። ብዙው አደጋ የሚመጣው ካለመመጣጠኑ ነው፤ ከዕድሜው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው «ቅርስ ነው፣ የአባቶች ላብ ነው፣ ተዉት» ይላል። ይህም ያምራል፣ በተለይ በፎቶ። ነገር ግን ቅርስ ሃያ ቶን ስሚንቶ ጭኖ ትምህርት ቤት ያለበትን ከተማ በቁልቁለት አያቋርጥም። ቅርስ ይከበራል፣ ይጠበቃል፣ በበዓል ይወጣል። እንጀራ ፍለጋ የሚወጣ መኪና ግን በመንገድ ላይ ላሉት ሰዎች ሁሉ ዕዳ አለበት።

ሁለቱም ሐሳቦች ጋራዡን አልፈው ይሄዳሉ። መፍትሔው ያለው ግን ጋራዡ ውስጥ ነው፤ በሥራ ቅደም ተከተል።

የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ ከሞተር በፊት ፍሬን። ከተገለበጠ መኪና ሞተሩን ብቻ ገዝቶ ከመውጣት የኋላ አክስሉን ከነፍሬኑ አብሮ መግዛት። የቅርብ ዘመኑ አክስል አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ስፕሪንግ ያለበት ፍሬን ነው። በድሮው ዓይነት ንፋሱ ሲያልቅ ፍሬኑም ያልቃል። በአዲሱ ንፋሱ ሲያልቅ የታሰረው ስፕሪንግ ተለቆ ጎማውን ይይዛል። አንዱ ሲሞት መኪናውን ይለቃል፣ ሌላው ሲሞት መኪናውን ያቆማል። ሥራው ቀላል አይደለም። የባሌስትራው መቀመጫ ስፋት፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ልክ፣ የንፋስ መስመሩና ጋኑ ሁሉ መስተካከል አለባቸው። ያንን የካምቢዮ ማገናኛ በፀጉር ስንጥቅ ልክ ያስቀረጸ መካኒክ ግን ይህን ይችላል። የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ የሚጠይቀው ደንበኛ ነው።

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። ሞተር ተቀየረ ተብሎ ቁጥር ሲመዘገብ ያ ዕለት የፍሬንም ዕለት መሆን አለበት። የገባው ሞተር ስንት ሊትር ነው፣ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው፣ የሞተር ፍሬን አለው ወይ፣ አክስሉ የማን ነው? አራት ጥያቄ ናቸው፤ ከአንድ ገጽ አያልፉም። የዓመቱ ምርመራም ባዶ መኪናን በሜዳ ላይ አቁሞ ቢፈትሽ ቁልቁለቱን አይነግረውም። ሞተሩ የተቀየረ መኪና ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጭኖ መፈተሽ አለበት።

ሦስተኛው አጥንት የቀየረውን ሰው አለመቅጣት ነው። እንግሊዞች ለተለወጡ መኪኖች ለረጅም ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት የነጥብ ሥርዓት ለትምህርት ይሆናል። ሻንሲው 5 ነጥብ፣ ባሌስትራውና ተሸካሚው 2፣ አክስሎቹ 2፣ ካምቢዮው 2፣ መሪው 2፣ ሞተሩ 1። ድምሩ 8 ከሞላ መኪናው የድሮ ታርጋውን ይዞ ይቀጥል ነበር። ልብ በሉ፣ ሞተሩ አንድ ነጥብ ብቻ ነበር! ጀርመኖችም ደኅንነትን የሚነካ ብዙ ለውጥ በታወቀ ባለሙያ ታይቶ በመኪናው ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ያደርጋሉ። እነዚህን እንዳሉ መገልበጥ አያስፈልግም። መንፈሱ ግን ይጠቅማል፦ መኪናህን መቀየር ትችላለህ፣ ምን እንደቀየርክ ግን ተናገር፤ አክስልና ፍሬን ስላሻሻልክም ታርጋህን አታጣም።

አራተኛው የመካኒኩ ስም ነው። ሐኪም ይፈርማል፣ መሐንዲስ ይፈርማል። ከባድ መኪና ያደሰ መካኒክ ግን ስሙ የትም የለም፤ ሲሳካም ሲበላሽም። ተፈትኖ የታወቀ፣ የሠራውን በፊርማው የሚያስረክብ መካኒክ ቢኖር ባለቤቱም ለማን እንደሚከፍል ያውቃል፣ መካኒኩም «ፍሬኑን ሳልሠራ ሞተር አልገጥምም» የሚልበት አቅም ያገኛል። አሁን እንዲህ ቢል ደንበኛው ጎረቤት ጋራዥ ይገባል።

*

ተቃውሞ አለ፤ ደካማም አይደለም።

«ይህ ሁሉ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ የእጅ መንሻ ነው» የሚል ሰው እንደቀልድ አይታይም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ አንዴ የመጣ ፎርም ለዘላለም ይኖራል። ለዚህ ነው ጥያቄዎቹ ጥቂት፣ መልሶቹም ብረቱን አይቶ የሚረጋገጡ መሆን ያለባቸው። የአክስሉ ዓይነት በዓይን ይታያል። የስፕሪንግ ፍሬን መኖሩ ንፋሱን በመልቀቅ ብቻ ይታወቃል፤ ንፋሱ ወጥቶ ጎማው ከተያዘ አለ፣ ካልተያዘ የለም። ለዚህ ኮምፒዩተርም አያስፈልግ።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለው ይከብዳል። አክስል ነጻ አይደለም። ነገር ግን ባለቤቱ ለሞተሩ ገንዘብ አግኝቷል፤ ከዕቁብም፣ ከዘመድም፣ ከተሸጠ በሬም። ጥያቄው ገንዘብ መኖሩ ሳይሆን መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ሞተር ገቢ ያመጣል፣ ፍሬን አያመጣም፤ እውነት ነው። ፍሬን የሚያመጣው ነገር አለመከሰት ነው፤ አለመከሰት ደግሞ ደረሰኝ የለውም። አበዳሪ ተቋማት አዲስ መኪና ካልሆነ አናይም ከሚሉ ለአክስልና ለፍሬን የሚሆን ትንሽ ብድር ቢያስቡ ከብዙ መኪኖች ዋስትና ይልቅ የተሻለ መያዣ ያገኛሉ፦ የማይገለበጥ መኪና።

ጫኙም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። «ሞተሩ ብርቱ ነው አይደል፣ አሥር ኩንታል ጨምርበት» የሚለው ነጋዴ፣ የመጫን አቅም በሞተር የሚለካ ይመስለዋል። የሚለካው በፍሬን ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ብቻውን አልገባም፤ እየነዱ ያስገቡትም አሉ።

*

ወደ አባትና ልጅ እንመለስ።

ልጁ ሞተሩን አስቀድሞ አይቶት ነበር። ከተገለበጠ መኪና የወጣ ባለ ቱርቦ፤ በሸራ ተሸፍኖ ጋራዡ ጥግ ተቀምጧል፣ ሻጩም ቀብድ ይጠብቃል። ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ አባትየውን አያቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉኝን ነው የምሠራው። ሞተሩን ይግጠሙ ካሉ በሁለት ሳምንት ትወጣለች።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አወጣጧን መቼ ጠየቅኩህ? አወራረዷን ነው እንጂ።»

«አወራረዷ...» መካኒኩ ትንሽ ዝም አለ። «እውነቱን ልንገርዎት? የዚያኛው መኪና አክስል ከነፍሬኑ እዚያው ሻጩ ጋ አለ። ማንም አልጠየቀውም።»

ልጁ ሞተሩን አየ። ከዚያ አባቱን።

«አባዬ፣ ሞተሩ ይሸጥብናል እኮ።»

«ይሸጥ። ሞተር ሌላ ይገኛል።»

በዚያ ዓመት ኤንትሬዋ በድሮ ሞተሯ፣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ በአዲስ አክስል ወጣች። ዳገት ላይ ሲኖትራክ በክላክስ እየገፋ ያልፋታል። ለፎቶ የምትሆን አይደለችም። ልጁም እስካሁን ቅር ብሎታል፤ ደግሞም ተራው ሲደርስ ሞተሩ ይመጣል፣ ያኔ የሚይዘው ፍሬን አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቀዋል።

አሮጌ መኪና አድሶ መሥራት የሚያኮራ ሥራ ነው፤ አሜሪካም ሆነ ቃሊቲ። መኪና ለማሳደስ ጋራዥ የገባ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ያችን አጭር ጥያቄ ያስቀድም። መልሱ «የድሮው ነው» ከሆነ፣ ሞተሩም የድሮው ይሁን።